ዱላው፣ አጥሩና መንገዱ
የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ጥበቃ ታሪክ ከይፋት ቆላ ሲታይ

የዘመናዊ ትምህርት ታሪክ በአገራችን በተጻፈ ቁጥር የሚመዘገበው አብዛኛውን ጊዜ የትምህርት ቤቶቹ ቁጥር፣ የተከፈቱበት ዓመትና መርቀው የከፈቱት ባለሥልጣናት ስም ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1908፣ ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ደግሞ በ1925 መከፈታቸውን ያልሰማ የተማረ ሰው ይኖራል ተብሎ አይገመትም። በእነዚህና ከእነዚህ በኋላ በየአውራጃው በተስፋፉት ትምህርት ቤቶች ውስጥ ግን ሕፃኑ በማን እጅ ይገረፍ፣ እርሳሱን ማን ይነጥቀው፣ ወደ ቤቱስ ሲመለስ ማንን ፈርቶ መንገድ ይቀይር እንደ ነበር የሚተርክ ጽሑፍ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ይህ ታሪክ ከሕግና ከመምህርነት ሙያ ጋር ብቻ የተያያዘ መስሎ ቢታይም፣ ጠጋ ብሎ ለመረመረው ግን ፕላን ከሚነድፈው፣ አጥር ከሚያጥረውና መንገድ ከሚቀይሰው ባለሙያ ጋርም የሚያገናኘው ብዙ ነገር አለ።

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው ጎዳና ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ጣርማ በር ላይ የፈለፈሉትን ዋሻ ሲያልፍ ደጋው በድንገት ያበቃል። መንገዱ በደብረ ሲና አድርጎ እየተጠማዘዘ ከወረደ በኋላ፣ ከአዲስ አበባ 220 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ፣ መንገደኛው በማለዳ የደረበውን ካፖርት አውልቆ በክንዱ ይይዛል። ይህ የይፋት ቆላ ነው። አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አፋሩ በአንድ ገበያ የሚገናኙበት፣ ማሽላና ማሾ የሚበቅልበት፣ ሮቢ፣ ጀውሃና አታዬ የተባሉት ወንዞች ከደጋው ግድግዳ ተምዘግዝገው ወደ አዋሽ ተፋሰስ የሚወርዱበት አገር ነው። ከ13ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ የወላስማ ሥርወ መንግሥት የገዛው የይፋት ሱልጣኔት ማዕከልም በዚሁ አካባቢ ነበር። እንደ ኖራ ባሉት ቦታዎች ፈርሰው የተገኙት የጥንት ከተሞችና መስጊዶች ለዚህ ምስክሮች ናቸው። ስለዚህ ፊደል መቁጠር ለይፋት አዲስ ነገር አልነበረም፤ ከደጋው ዳር የቤተ ክህነት ትምህርት፣ ከቆላው ደግሞ የቁርአን ትምህርት፣ ሁለቱም የመንግሥት ትምህርት ቤት ከመምጣቱ በፊት ብዙ ትውልድ አስተምረዋል።

ሁለቱ የጥንት ትምህርት ቤቶች በሃይማኖት ቢለያዩም በሕፃን አያያዝ ረገድ የሚመሳሰሉበት ነገር ነበር። በአንደኛው ሕፃኑ ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጦ ፊደልና ዳዊት ይማራል፤ በሌላው ከሸኹ ፊት ሉሁን ጭኑ ላይ አስደግፎ አንቀጾቹን በቃሉ ያጠናል። በሁለቱም ዘንድ አለንጋው ከመምህሩ አጠገብ አይጠፋም ነበር። ከቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ደጋግሞ የኰበለለ ልጅ በእግር ብረት እስከ መታሰር ይደርስ እንደ ነበር በልጅነታቸው ያለፉበት ሽማግሌዎች ሁሉ ያወሱታል። አባት ልጁን ለመምህሩ ሲያስረክብ «ዓይኑን ብቻ አደራ» ማለቱም የተለመደ ነበር። የዚህች አጭር ቃል ትርጓሜ ከባድ ነው፤ ከዓይኑ በቀር የቀረው የሕፃኑ አካል ለቅጣት ተፈቅዷል ማለት ነውና። ይሁን እንጂ ለእነዚያ መምህራን መናገር የሚገባ እውነትም አለ። የኔታም ሆኑ ሸኹ ልጁን በስሙ፣ በአባቱና በመንደሩ ያውቁታል፤ የሚማሩት ልጆች ጥቂቶች በመሆናቸው ማን ማንን እንደ መታ ለማወቅ ብዙ ምርመራ አያሻቸውም። ቅጣቱ ጨካኝ ቢሆንም ሕፃኑ ከዓይን የራቀ አልነበረም። ከዓይን የሚርቀው ከመንደሩ ወጥቶ የቆሎ ተማሪ ወይም ደረሳ በሆነ ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ደበሎውን ለብሶ ከውሻ ጋር እየታገለ የለመነውን ምግብ ጉልበት ያለው ታላቅ ተማሪ ቢቀማው አቤት የሚልበት አልነበረውም። ልጅን ከልጅ ግፍ የመጠበቅ ጉዳይ እንግዲህ ከዘመናዊው ትምህርት ጋር የመጣ ሳይሆን ከዚያ በፊት የኖረ ነው።

የመንግሥት ትምህርት ቤት ሲስፋፋ አለንጋውን ወረሰ፤ ትውውቁን ግን ሊወርስ አልቻለም። አንድ ክፍል ውስጥ ሰባና ሰማንያ ልጅ ተጨናንቆ ሲቀመጥ፣ ከሌላ ጠቅላይ ግዛት ተመድቦ የመጣው ወጣት መምህር ሥርዓት የሚያስከብርበት መሣሪያ በእጁ የያዘው ልምጭ ብቻ ሆነ። ኩርኩም፣ ጆሮ መቆንጠጥ፣ ጠጠር ላይ ማንበርከክ፣ በማስመሪያ የጣትን ጫፍ መምታት፣ እነዚህ ሁሉ በየትኛውም የማስተማሪያ መመሪያ ሳይጻፉ ከመምህር ወደ መምህር ተላልፈዋል። «ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል» የሚለው የአበው አባባልም ለድርጊቱ እንደ ማስረጃ ሲጠቀስ ኖሯል። መምህሩን ብቻ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል፤ የተቀጠረበትን ክፍል ብዛት የወሰነው እርሱ አልነበረምና።

ከዱላው ይልቅ አዲሱን ትምህርት ቤት ልዩ ያደረገው «ሞኒተር» የሚባለው የክፍል አለቃ ነው። መምህሩ ለጥቂት ጊዜ ሲወጣ ሥልጣኑን የሚተወው ለአንድ ተማሪ ነበር። አብዛኛውን ጊዜ የሚመረጠውም በዕድሜና በጉልበት የበለጠው ነው። በይፋት ገጠር ልጅ ከብት ጥበቃውን ለታናሹ እስኪያስረክብ ድረስ ትምህርት ቤት ዘግይቶ መግባቱ የተለመደ ስለ ነበር፣ የሰባት ዓመት ሕፃንና የአሥራ አምስት ዓመት ጎረምሳ በአንድ ክፍል፣ አንዳንዴም በአንድ አግዳሚ ወንበር ይቀመጡ ነበር። ሞኒተሩ የ«ረባሾችን» ስም በጥቁር ሰሌዳ ወይም በቁራጭ ወረቀት ይመዘግባል፤ የተመዘገበ ይገረፋል። ስሙ እንዳይጻፍበት የፈለገ ሕፃን ቆሎውን፣ እርሳሱን፣ አንዳንዴም ሳንቲሙን ያቀርባል። ትንሹ የጉቦ ትምህርት የተጀመረው እዚያ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዱላው ከመምህሩ እጅ ሳይወጣ ወደ ተማሪው እጅ ተሸጋገረ፤ የልጅ በልጅ ላይ ግፍም በሥልጣን ስም የሚፈጸም ሆነ።

ሕጉስ ምን ይል ነበር? ስዊሳዊው ዣን ግራቨን ያረቀቀው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በመጠን የተወሰነ የተግሣጽ ቅጣትን ከወንጀል ውጭ አደረገ። ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 2039፣ አንድ ሰው ልጁን፣ በሞግዚትነት የሚያሳድገውን፣ ተማሪውን ወይም አገልጋዩን በመጠኑ በአካሉ ቢቀጣው እንደ ጥፋት እንደማይቆጠርበት ደነገገ። ተማሪው ከአገልጋዩ ጋር በአንድ መስመር መሰለፉን ልብ ይሏል። ይህ የኢትዮጵያ ብቻ ኋላ ቀርነት ነበር ለማለት አይቻልም፤ እንግሊዝ እንኳ በመንግሥት ትምህርት ቤቶቿ ዱላን በሕግ ለመከልከል የወሰነችው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው።

ስዊድን ግን ቀድማ ነበር። በስዊድን የአንደኛ ደረጃ ተማሪን መምታት እ.ኤ.አ. በ1958 በሕግ ተከለከለ፤ ይህም የእኛ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከመታወጁ ሁለት ዓመት በፊት መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1 ቀን 1979 ጀምሮ ደግሞ ወላጅም በቤቱ ልጁን እንዳይመታ በመከልከል ከዓለም የመጀመሪያዋ አገር ሆነች። ይህ ነገር ለኢትዮጵያ መሐንዲሶች ታሪክ ቅርበት አለው። በ1947 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተከፈተው የኢትዮ ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ብዙ የሕንፃ ባለሙያዎችን አፍርቷል፤ በ1950ዎቹ መጨረሻ ደግሞ በስዊድን መንግሥት ዕርዳታ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን የሚያንጽ ልዩ የሥራ ክፍል ተቋቋመ። አሠራሩም በጊዜው እጅግ የሚያስመሰግን ነበር። አንድ ወጥ ፕላን ተዘጋጀ፤ ሕዝቡ በገንዘብ፣ በጉልበትና በቁሳቁስ ድርሻውን ሲያዋጣ ዕርዳታው ቀሪውን ይሸፍናል፤ መንገድ ባልገባበት ቀበሌ እንኳ የቆርቆሮ ክዳን ያለው የመማሪያ ክፍል በአጭር ጊዜ ይቆማል። ሕዝቡ ያዋጣበት በመሆኑም «የእኛ ትምህርት ቤት» የሚለው ቃል ትርጉም ያለው ቃል ሆነ። በሺህ የሚቆጠሩ ክፍሎች በዚህ መንገድ ተሠርተዋል፤ ዛሬም በየገጠሩ የሚያገለግሉ አሉ።

የሥራው ጥራት የማይካድ ሆኖ ሳለ፣ ከስዊድን ፕላኑ፣ የጣራው ማገርና የወንበሩ ልክ ሲመጣ፣ በዚያው አገር ስለ ሕፃኑ አካልና ስለ ትምህርት ቤቱ ግቢ የሚደረገው ክርክር አብሮ አለመምጣቱ ያስገርማል። ዕርዳታው የተለካው በክፍል ቁጥር ነበር። ክፍሉ የተማሪውን ራስ ከዝናብና ከፀሐይ ጠበቀ፤ ከክፍሉ በር ውጭ ያለው ሜዳ፣ ከሜዳው ጫፍ ያለው መፀዳጃ ቤት፣ ከግቢው ውጭ ያለው መንገድ ግን በሒሳቡ ውስጥ አልገባም። አጥር ከተሠራም ከብት እንዳይገባ እንጂ ሌላ ነገር ታስቦ አልነበረም።

ያ ክርክር ምን እንደ ነበር በአጭሩ ማውሳት ያስፈልጋል። ፔተር ፓውል ሃይነማን የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1969 በስዊድን ጋዜጣና መጽሔት አንባቢዎች ፊት አንድ ጥያቄ አቀረበ፤ በትምህርት ቤት ሜዳ ብዙ ልጆች በአንድ ልጅ ላይ ተባብረው የሚነሡበትን ድርጊት «ሞብኒንግ» ብሎ ስም ሰጠው። ከእርሱ በኋላ ዳን ኦልቬዩስ የተባለው ስዊድናዊ የሥነ ልቡና ሊቅ ጉዳዩን በልኬት ያጠና ጀመር። ኖርዌይ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1982 ሦስት ወንዶች ልጆች፣ በእኩዮቻቸው ግፍ ተማርረው ሳይሆን አይቀርም ተብሎ በሚታመን ሁኔታ ራሳቸውን በማጥፋታቸው አገሪቱ ተናወጠች፤ በተከታዩ ዓመት 130,000 ያህል ተማሪዎች በጽሑፍ ተጠየቁ። ከመቶ አሥራ አምስቱ ያህል በግፉ፣ ወይ ተበዳይ ወይ በዳይ በመሆን፣ መካፈላቸው ታወቀ። ለመሐንዲስ ይበልጥ ትኩረት የሚስበው ግን ሌላው ውጤት ነው። ሕዝብ ሁሉ ያምነው የነበረው ግምት፣ ይኸውም ክፍሉ ወይም ትምህርት ቤቱ በተለቀ መጠን ግፉም ይበዛል የሚለው፣ በዚያ አገር ልኬት ሳይደገፍ ቀረ። በዕረፍት ሰዓት በሜዳው ላይ የሚቆሙት መምህራን ቁጥር በበዛበት ግን ግፉ አነስተኛ ሆኖ ተገኘ። በአጭሩ፣ የልጁን ደኅንነት የወሰነው የአዋቂ ዓይን በግቢው ውስጥ የሚደርስበት ስፋት ነበር።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ታላቁ የሕግ ለውጥ የመጣው በ1980ዎቹ ነው። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የሕፃናት መብቶች ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1991 ተቀበለች። በ1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 36፣ ሕፃናት በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋሞች ከአካል ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው በግልጽ አስቀመጠ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ሞግዚት ቀላል የአካል ቅጣት እንዲፈጽም ይፈቅድ የነበረውን የቀድሞ ቃል አስቀረ። ይሁንና የ1997 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ «ተገቢ» የሆነ ተግሣጽን ከቅጣት ውጭ ትቶታል፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2039ም ከመጽሐፉ አልተሰረዘም። ሕገ መንግሥቱ የበላይ ሕግ ስለሆነ በትምህርት ቤት ክልከላው የማያሻማ ነው፤ ቢሆንም አሮጌው ቃል ከነወረቀቱ መቆየቱ ለአሮጌው ልማድ መጠለያ አልሆነም ለማለት አይቻልም።

ልማዱ ከአዋጁ ጋር አብሮ አልተሻረም። እ.ኤ.አ. በ2009 ዓ.ም. በአራት አገሮች በተሰበሰበ ጥናት፣ በኢትዮጵያ ከተጠየቁት የስምንት ዓመት ልጆች ውስጥ ከመቶ 38ቱ በአንድ ሳምንት ጊዜ ብቻ በመምህር መመታታቸውን ተናግረዋል። በሕንድ ይህ ቁጥር 78 ነበር፤ በቬትናም 20። ቁጥሩ ከሕንድ ይሻላል ተብሎ የሚጽናኑበት አይደለም፤ ሕገ መንግሥቱ ከጸና አሥራ አራት ዓመት ካለፈ በኋላ የተገኘ ነውና። መምህሩ ዱላውን ጥሎ በምትኩ ምን እንዲይዝ በቂ ሥልጠና እንዳልተሰጠው ግልጽ ነው። ወላጅ፣ መምህርና ተማሪ የሚገናኙበት ኅብረትም በብዙ ቦታ የሚሰበሰበው ስለ መዋጮና ስለ ክፍል ጥገና ሲሆን፣ ስለ ተደበደበ ልጅ የሚነሣው ጉዳይ በሽምግልና ተድበስብሶ ይቀራል።

ሕጉ ሊደርስበት ያልቻለው ሌላው ስፍራ መንገድ ነው። የኖርዌይ ልጆች ከመንገድ ይልቅ በግቢ ይጠቁ እንደ ነበር ኦልቬዩስ አረጋግጧል። ይህ ግን ወደ ይፋት ሳይመረመር የሚሸጋገር ውጤት አይደለም። የገጠሩ ልጅ በማሽላ ማሳ መሐል ለመሐል ረጅም መንገድ በእግሩ ይሄዳል። ማሽላው በክረምት መጨረሻና በመስከረም ከሰው ቁመት በላይ ሲያድግ፣ ትምህርት ቤት የሚከፈትበት ወቅትና መንገዱ ከዓይን የሚሰወርበት ወቅት አንድ ይሆናሉ። ደጋው ላይ ሲዘንብ ቆላው ሳይዘንብበት ወንዙ በደራሽ ይሞላል፤ ልጆቹ ከወንዙ ዳር ጎርፉ እስኪጎድል ሲጠብቁ ትንንሾቹና ጎረምሶቹ ያለ ጠባቂ አብረው ይቆያሉ። ትምህርቱ በፈረቃ ሲሆን ደግሞ የጠዋቱ ተማሪ ሲወጣ የከሰዓቱ እየገባ ነው፤ መምህራኑም ክፍል ይቀያየራሉ፤ በዚያች ግማሽ ሰዓት በሩ ላይ የሚቆም አይገኝም። ደብተር የሚቀደደው፣ ምሳ የሚነጠቀው፣ ነጠላ የሚጎተተው በዚህ ጊዜና በዚህ ቦታ ነው።

ለልጃገረዶች መንገዱ ከዚህም የከፋ ነበር። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ልጅ ካገባት ከክስ ይድን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 በአርሲ አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ወደ ቤቷ ስትመለስ ተጠለፈች፤ ለማምለጥ ስትል ጠላፊዋን ገደለች፤ በነፍስ ግድያም ተከሰሰች። ጉዳይዋን የያዘላት ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነበር። ተከሳሿ ራሷን መከላከሏ ታምኖ በነፃ ተለቀቀች፤ ጠላፊን በጋብቻ ነፃ የሚያወጣው ድንጋጌም በ1997ቱ የወንጀል ሕግ ቀረ። አንድ የሙያ ማኅበር በሙያው መሣሪያ ብቻ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ለማሳየት ይህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በ2000 ዓ.ም. የትምህርት ሚኒስቴር፣ የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴርና የዴንማርክ የሕፃናት አድን ድርጅት በአንድነት ያወጡት ጥናትም የልጃገረዶቹ መከራ በክፍል ብቻ ሳይሆን በትምህርት ቤት መንገድና በቤትም ጭምር መሆኑን አስረድቷል።

ይህ ሁሉ ለይፋት ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. አታዬና ሸዋ ሮቢት በግጭት ተጎዱ፤ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ደርሶ ከተማዋ ለጥቂት ቀናት በተዋጊዎች እጅ ቆየች። በአማራ ክልል እጅግ ብዙ ትምህርት ቤቶች ፈርሰዋል፣ ተዘርፈዋል። የፈረሰ ሁሉ በሚሠራበት ጊዜ ዋናው ጥያቄ ስንት ክፍል በስንት ወር የሚለው መሆኑ ሊያስገርም አይገባም፤ ከሃምሳ ዓመት በፊት የነበረውም ጥያቄ ይኸው ነበርና። አሮጌው ፕላን ከመሳቢያ ወጥቶ እንደ ነበረ ሊደገም ይችላል፤ ከሱም ጋር የአሮጌው ግቢ ጨለማ ጥግ ሁሉ ይደገማል።

ከእነዚህ ጥጎች ዋናው የመፀዳጃ ቤቱ ነው። የቀድሞ ባለሙያዎች መፀዳጃውን ከክፍሎቹ አርቀው፣ ከነፋስ በታች በግቢው ጫፍ ማድረጋቸው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ሽታና ዝንብ ከተማሪው እንዲርቁ አስበው ነው። በዚያው ሒሳብ ግን መፀዳጃው ከመምህራኑ ዓይንም ራቀ፤ ጎረምሳው ከሕፃኑ ሳንቲም የሚቀበልበት፣ ልጃገረዲቱም ብቻዋን ላለመሄድ ስትል ቀኑን ሙሉ ውኃ ሳትጠጣ የምትውልበት ምክንያት ሆነ። ዛሬ ይህን ርቀት የሚያስገድድ ነገር ቀንሷል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በዛሬይቱ ዚምባብዌ የተፈለሰፈው ባለ አየር ማስወጫ ቧንቧ መፀዳጃ ሽታውን ወደ ላይ ይስባል፤ በቧንቧው አናት ላይ የሚወጠረው ወንፊትም ዝንቡን ያስቀራል። ቧንቧው ጥቁር ቀለም ከተቀባና ፀሐይ በደንብ ካገኘው አየሩ ሞቆ ይበልጥ ይወጣል፤ ለዚህ ደግሞ እንደ ሸዋ ሮቢት ያለ ቆላ ከማንኛውም ደጋ ይመቻል። የሴቶቹና የወንዶቹ ተለያይተው፣ መግቢያቸው በጋራጅ ግድግዳ ተሸፍኖ፣ ወደ በሩ የሚወስደው መንገድ ግን ከመምህራን ማረፊያ ክፍል መስኮት በግልጽ እንዲታይ ሆኖ ቢቀመጥ፣ በግንባታው ዋጋ ላይ የሚጨምረው አንድ ቧንቧ፣ አንድ ወንፊትና በፕላኑ ላይ የሚሰመር ሌላ መስመር ነው።